ጅማ ላይ ብቻዋን ስለምትኖር ሴት መጻፍ ሥራ ይሆናል?

ሴተላጤዋ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ስኒያችሁን ያዙ።

ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሠላሳን አልፌአለሁ፣ አላገባሁም፣ ቦሳ ኪቶ ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። ማታ ማታ እጽፋለሁ። እስከ ዛሬ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው፤ ከወላጅ ቤት ወጥታ፣ ባል ሳታገባ፣ በራሷ ደመወዝ የምታድር ሴት ኑሮዋ ምን ይመስላል? አሁን ነገሩን ጠበቅ አድርጌ ልይዘው እያሰብኩ ነው። በየሳምንቱ የሚወጣ ጽሑፍ፣ ኋላም ከተሳካ መጽሐፍ።

ለዚህ የገፋፋችኝ ኬት ቦሊክ የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ ናት። ለማታውቋት በአጭሩ ልንገራችሁ። ያደገችው ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውበሪፖርት በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። 23 ዓመቷ ሳለ እናቷ በካንሰር ሞቱባት። ኋላ ኒውዮርክ ገባች፤ መጽሔት ላይ አዘጋጅ ሆነች፣ የመጽሐፍ ግምገማ ጻፈች። በ2001 እ.ኤ.አ.፣ በ28 ዓመቷ፣ ሦስት ዓመት አብሯት ከቆየው ጓደኛዋ ተለየች። ሰውየው ምንም አልበደላትም። ደግ ነው፣ ታማኝ ነው፣ መልኩም ይማርካል። ዝም ብላ ነው የተለየችው፤ ይህንንም ሳትደብቅ ጻፈችው። አትላንቲክ የተባለው መጽሔት በኖቬምበር 2011 እትሙ የሽፋን ጽሑፍ አድርጎ ሲያወጣው 39 ዓመቷ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የወጣችውም ራሷ ናት። ጽሑፉ ብዙ ሰው አነጋገረ። በ2015 ደግሞ ስፒንስተር (ሳታገባ የቆየች ሴት ማለት ነው) የተባለውን መጽሐፏን አወጣች።

እኔን የማረከኝ የመጽሐፉ አሠራር ነው። የራሷን የፍቅር ታሪክ ብቻ ዘርግፋ አላለፈችም። ከእሷ በፊት የኖሩ አምስት ሴት ጸሐፊዎችን ከመቃብር ቀስቅሳ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው፦ ሜቭ ብሬናን፣ ኒት ቦይስ፣ ኤድና ሚሌይ፣ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን፣ ኢዲት ዋርተን። የትኛዋ የት ተከራየች፣ ምን ያህል ተከፈላት፣ ብቻዋን ስትሆን ምን ጻፈች እያለች ሕይወታቸውን ከራሷ ጋር ታስተያያለች።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። እኔ ጅማ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ሥራ ልሠራ እችላለሁ? ማን ያነባል? ማንስ ይከፍላል? እናቴስ? (እናቴ ፌስቡክ የላትም። ጎረቤቷ ግን አላት፤ ያው ነው።)

የመንጢናው

እህቴ በጤናሽ ነው? የፈረንጅ ብቸኝነት ለፈረንጅ ይስማማዋል፤ መንግሥት ይጦረዋል፣ ውሻ ያሳድጋል። አንቺ ስትታመሚ ማን ነው ውሃ የሚያቀብልሽ? አግቢና ከዚያ የፈለግሽውን ጻፊ። ማንም አይከለክልሽም።

ሴተላጤዋ

የመንጢናው፣ ባለፈው ወር ታይፎይድ ሲጥለኝ ውሃ ያቀበለችኝ አጠገቤ የተከራየችው ልጅ ናት። እሷም አላገባችም። መልስ ሆነልህ?

አጂፕ_ጥጉ_ላይ

መጽሐፉን አንብቤዋለሁ። ከአምስቱ ውስጥ እኔ የምወዳት ሜቭ ብሬናንን ነው። ደብሊን ተወልዳ በልጅነቷ አሜሪካ የሄደች። ከ1954 ጀምሮ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ «ነገረ ረጅሟ ሴት» ዓይነት የብዕር ስም ይዛ ከተማዋን እየዞረች የምታየውን ትጽፍ ነበር። ምግብ ቤት ብቻዋን ትቀመጣለች፣ በመስኮት ታያለች፣ የጎረቤት ጠረጴዛ ወሬ ትሰማለች፤ በቃ ይኸው ነው ጽሑፏ። ግን እንዴት ይጥማል!

እኔ ይህን አጂፕ አካባቢ ሞክሬዋለሁ። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፣ ሽሮ አዘዝኩ። አስተናጋጁ መጀመሪያ «ሰው ይመጣል?» አለኝ። አይመጣም አልኩት። ሄደና ሁለት ውሃ፣ ሁለት ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ፊት ለፊቴ ደፍቶት ሄደ። ስበላ የገባ የወጣው ሁሉ መጀመሪያ ብርጭቆውን፣ ቀጥሎ እኔን ያያል። አንድ ሽማግሌ ሲወጡ «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ምን እንደሆንኩ ነው አይዞሽ የሚሉኝ? በልቼ ጠግቤአለሁ እኮ!

ይህን ጻፊው። ስለ ነፃነት ትንታኔ ከምትጽፊ ስለ ብርጭቆው ጻፊ።

ሴተላጤዋ

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «አይዞሽ ልጄ» እኔም ደርሶኛል፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ።

መጽሐፍ_አይጥ

ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር አትዝለሉ። እነዚያ አምስቱ «ብቻቸውን የኖሩ» የተባሉት ሴቶች አምስቱም አግብተዋል እኮ። ብሬናን በ1954 አግብታ ኋላ ፈታለች። ሚሌይ በ1923 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘች ዓመት ነው ያገባችው። ዋርተን ከሃያ ዓመት በላይ በትዳር ቆይታ በ1913 ፈታች። ጊልማን ሁለት ጊዜ አግብታለች። ኒት ቦይስማ ጭራሽ የባሰች ናት፤ በ1898 ቮግ መጽሔት ላይ ያላገባች ሴት ሆና ስለመኖር አምድ ስትጽፍ ቆይታ በዓመቱ አገባች። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው የሴተላጤ መጽሐፍ?

ደግሞ የብሬናንን መጨረሻ ማንም አላነሳም። ኋላ አእምሮዋ ታመመ። ቤት አልነበራትም። መጽሔቱ ቢሮ የሴቶች መጸዳጃ ክፍል ውስጥ ታድር እንደነበር ይታወቃል። በ1993 ነው የሞተችው። እና «ጥግ ይዞ ሽሮ መብላት» ብቻ አይደለም ነገሩ።

የመንጢናው

እሰይ! በሉ ስሙ።

አጂፕ_ጥጉ_ላይ

መጽሐፍ አይጥ፣ እውነቱን ነው የተናገርከው፤ የብሬናን ነገር ያሳዝናል። ግን እሷን የጣላት ሕመሟ ነው እንጂ ባል ማጣቷ አይደለም። አግብተው አእምሯቸው የታመመ ሞልቷል፣ እነሱን ማንም ምሳሌ አያደርጋቸውም። ማግባታቸውን በተመለከተ ደግሞ ቦሊክ አልደበቀችውም። የምትለው በቀላሉ ይሄ ነው፤ ሴት ልጅ ከማግባቷ በፊት፣ ከፈታች በኋላ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በራሷ የምትኖርበት ዘመን አላት፤ እሱም ዕድሜ ነው፣ መጠበቂያ ክፍል አይደለም። ጊልማን ለምሳሌ ማድቤት የሌለው ቤት ይሠራ፣ ምግብ በጋራ ይብሰል ያለች ሴት ናት። በ1898! እኔ እሷን ያነበብኩት በግቢያችን የጋራ ማድቤት ወረፋ ይዤ ነው። ስድስት ተከራይ፣ ሁለት ከሰል ምድጃ፣ አንድ የጠቆረ ግድግዳ። ጊልማን መጥታ ብታየው ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል።

ጠበቃው_ከፈረንጅ_አራዳ

ስለ ሕጉ ትንሽ ልጨምር፤ ጽሑፍሽ ውስጥ ይጠቅምሻል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። ሚስት ትታዘዘዋለች፤ የት እንደሚኖሩ የሚመርጠውም እሱ ነው። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር። ይህ የተቀየረው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፣ ዕድሜውም ለሁለቱም 18 ሆነ። ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ ከዚያ በኋላ አውጥቷል።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? በድሮው ሕግ እንኳ ይህ ሁሉ ማሰሪያ ያገባችውን እንጂ ያላገባችውን አይመለከትም ነበር። ዕድሜዋ የሞላ ሴት ትከራያለች፣ ትሸጣለች፣ ትገዛለች፣ ትከስሳለች። የቦሊክ አገር ሴቶች ደግሞ ባንክ ብድር ሲጠይቁ በጾታቸው ወይም ባለማግባታቸው እንዳይከለከሉ ሕግ የወጣላቸው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። እና እዚህ ሴተላጤዋን የሚያስቸግራት ሕግ አይደለም። ቢሮዬ የሚመጡት ጉዳዮች ሌላ ናቸው፤ በቃል የተደረገ የኪራይ ውል፣ «ወንድ አስገብተሻል» ተብሎ በሁለት ቀን ውጪ መባል፣ አባት ሲሞት ወንድሞች «አንቺ ምን ያደርግልሻል፣ ልጅ የለሽ» ብለው ከውርስ የሚያስቀሯት። የመጨረሻው በተለይ ብዙ ነው። ሴቲቱ አባትና እናቷን ስታስታምም የኖረች እሷ ናት። ወንድሞቿ አዲስ አበባ ናቸው። አባት ሲቀበር ይመጣሉ፣ ሠልስት ሳይወጣ ቤቱ ይለካል። እሷን ማንም አይጠይቃትም። ሕጉ ከእሷ ጋር ነው፤ ግን ክስ መመሥረት ማለት ከወንድም ጋር መቆራረጥ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ መጥተው ያለቅሱና ሳይከሱ ይመለሳሉ።

ሴተላጤዋ

ጠበቃው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ የመጨረሻው አንድ ሙሉ ጽሑፍ ነው። ስም ሳልጠራ ልጠቀምበት?

ጠበቃው_ከፈረንጅ_አራዳ

ስም፣ ሰፈር፣ የወንድሞቹን ብዛት፣ ሁሉንም ቀይሪ። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት።

አከራይ_ነኝ

አከራይ ሁሉ ክፉ ነው እየተባለ ስለሆነ ልናገር። እኔ ለሴተላጤ ማከራየት እመርጣለሁ። ኪራይ አታዘገይም፣ ቤት ትይዛለች፣ ግድግዳ አትቸነክርም። ወንደላጤ አከራይቼ በሩን ሰብሮብኝ ሄዷል። ችግሩ ያለው እኔ ጋ አይደለም። ሚስቴ «ይቺ ልጅ ለምን አላገባችም?» ትላለች፣ ጎረቤት «ማታ ባጃጅ አወረዳት» ይላል፣ የዕድር ሰዎች «ምን ዓይነት ሰው ነው ያስገባኸው?» ይላሉ። በመጨረሻ እኔ ነኝ በር 3 ሰዓት የምዘጋው። እኔም እኮ ሰፈር አለኝ።

አጂፕ_ጥጉ_ላይ

በር 3 ሰዓት ይዘጋል አሉ! የማታ ተረኛ ነርስ ብትከራይዎትስ?

አከራይ_ነኝ

ለነርስ ቁልፍ እሰጣለሁ። ተረኛ መሆኗን ወረቀት ታሳየኛለች።

ሴተላጤዋ

ወረቀት!! ፋርማሲም የማታ ተራ እንዳለው ይታወቅልኝ። በነገራችን ላይ ስለ ዕድር ካነሳን ልጠይቅ። እናንተ ጋ ያላገባች ሴት በራሷ ስም ትመዘገባለች? እኔ ስጠይቅ «በእናትሽ በኩል አለሽ» አሉኝ። እናቴ ሌላ ሰፈር ናት። እዚህ ብሞት ድንኳን የሚጥልልኝ የለም ማለት ነው።

ሰፈር_ዕድር_ጸሐፊ

እኛ ጋ ትመዘገባለች። መዋጮ ከከፈለች ምን ቸገረን? ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ላይ ክርክር ነበር። ክርክሩ የገንዘብ አይደለም። ሐዘን ሲኖር ወንድ ድንኳን ይተክላል፣ ሴት እንጀራ ታመጣለች፣ ወጥ ትሠራለች፤ ከአንድ ቤት ሁለት እጅ ነው የሚቆጠረው። ብቻዋን ያለች ሴት አንድ እጅ ብቻ ናት፣ የቀረውን ማን ይሸፍናል አሉ። በመጨረሻ አንዲት አስተማሪ ተነስታ «ባሏ ዓረብ አገር የሄደባት ሁሉስ?» ብላ ጠየቀች። ጸጥ አሉ። ተመዘገበች።

ቡና_ነጋዴዋ_ከአጋሮ

ልጆች፣ እኔ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። ይህን ሁሉ አዲስ ነገር ታስመስሉታላችሁ። ጅማ ብቻዋን የምትኖር ሴት አጥታ አታውቅም።

በቡና ወቅት መልቀሚያ መጋዘን ግቡ። ረድፍ ሠርተው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ወንፊት ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ በነቀዝ የተበላውን ፍሬ እየለዩ የሚጥሉት እነማን ናቸው? ሴቶች ናቸው። ግማሾቹ የፈቱ፣ ግማሾቹ ያላገቡ፣ ግማሾቹ ባላቸው የጠፋ። ዓይናቸው ፍሬ ላይ ነው፣ አፋቸው ግን አያርፍም። ለቀማው ሲያልቅ ጉልት ይቀመጣሉ፣ እንጀራ ይሸጣሉ፣ ሰው ቤት ያጥባሉ። ዓረብ አገር ደርሰው ተመልሰው ቤት የሠሩም አሉ፤ አጋሮ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ አብረቅርቆ ካየሽ የማን ላብ እንደሆነ ጠይቂ። ወንድሟ ተቀምጦበት ታገኚዋለሽ፤ ብሩን የላከችው ግን እሷ ናት።

እኔ ራሴ ባሌ ከሞተ ወዲህ ነው ነጋዴ የሆንኩት። ድጋሚ አግቢ ተብዬ መከራዬን በልቻለሁ። አልሃምዱሊላህ፣ አላገባሁም። ግን እኔን «ባል የሞተባት» ብለው ያከብሩኛል። አንቺን አያከብሩሽም፣ ምክንያቱም ማንም አልሞተብሽም። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ሴተላጤዋ

እትዬ፣ ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። «ማንም አልሞተብሽም።» ፍቃድዎ ከሆነ ጽሑፌ ውስጥ ላስገባው።

ቡና_ነጋዴዋ_ከአጋሮ

አስገቢው። ስሜን ግን ተይው።

ጅሬን_ቁልቁለት

እትዬ ያሉት ትክክል ነው። አገራችን ብቻዋን የምትኖር ሴትን የምታከብርበት መንገድ አላት፤ ባሏ ከሞተ ወይም ከመነኮሰች። እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩን አስቡ። በ2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም በፒያኗቸው ያውቃቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ከጸሎትና ከፒያኖ ጋር ኖሩ፤ ማንም «ለምን አላገቡም?» አላላቸውም፣ ቆቡ አለ። እህታቸው ስንዱ ገብሩ ደግሞ ጸሐፊ ነበሩ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት። ሁለቱም በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ተምረዋል። ቦሊክ አምስቱን ካገኘች አንቺም የራስሽን አታጪም።

ቆብ ሳትጭን፣ ጥቁር ሳትለብስ፣ ቀይ ሊፕስቲክ ተቀብታ ብቻዋን የምትኖረዋ ናት እስካሁን ያልተጻፈላት።

የመንጢናው

ሊፕስቲክም መጣ።

የቀድሞ_አዘጋጅ

ስለ እንጀራው ማንም አልመለሰም፤ እኔ ልመልስ። አዲስ አበባ መጽሔት ላይ ሠርቻለሁ። በአምድ ብቻ የሚኖር ጸሐፊ አላየሁም። ፋርማሲሽን እንዳትለቂ! የወረቀት ዋጋና የማተሚያ ቤት ክፍያ መጽሐፍን ቅንጦት አድርጎታል፤ ጀማሪ ጸሐፊ ከኪሷ አሳትማ፣ በፌስታል ይዛ ዞራ ነው የምትሸጠው። ስለዚህ ከቴሌግራም ጀምሪ። አንብበሽ በድምፅም ልቀቂው፤ የመልቀሚያዋ ሴት እጇ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮዋ ግን ነፃ ነው።

ቦሊክን ስታነቡ ደግሞ አንድ ነገር አይታያችሁም። በ2011 በአንድ ጽሑፍ ድንገት የታወቀች ይመስላል። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሰው ጽሑፍ ስታርም፣ መጽሐፍ ስትገመግም፣ ቀጠሮ ስታሟላ ነው የኖረችው። ሽፋን ላይ ሲያወጧት እጇ በሥራ የጠነከረ ነበር። አንቺም ዓመት ሙሉ ሳትዘይ በየሳምንቱ ካወጣሽ ያኔ ስለ መጽሐፍ እናወራለን።

ሌላው፣ ምሬት ብቻ አትጻፊ። አንባቢ ሁለት ሳምንት ያዝንልሽና ይሰለቻል። ደስታውንም አምጪው። ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅስሽ ስትተኚ፣ ደመወዝሽን ማንንም ሳታማክሪ ስታወጪ፣ ያም ይጻፍ። እሱን መጻፍ ነው የሚከብደው፣ ምክንያቱም ለምሬት ሰው ያዝናል፣ ለደስታ ግን ይቆጣል።

ጥናት_ላይ_ያለች

በአንባቢ ጉዳይ፦ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ይህ ማለት አብዛኛዋ አንባቢሽ ብቻዋን ኖራ አታውቅም። ከአባቷ ቤት በቀጥታ ባሏ ቤት ነው የገባችው። እኔ እናቴን አውቃለሁ፤ አንድም ሌሊት ብቻዋን በአንድ ቤት ውስጥ አድራ አታውቅም። የኔን ክፍል መጥታ ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አትፈሪም?» ነው። ቀጥላ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ መጋረጃውን፣ መጽሐፎቼን፣ አንዲቷን ድስቴን አየችና «ሁሉም ያንቺ ነው?» አለች። ለሷ ጻፊላት። ላገባችው። ካላገቡት ይልቅ የምታነብሽ እሷ ናት።

የመንጢናው

ይህን ስሰማ ደግሞ፣ የኔም እናት እንደዚያው ናት። ግን አሁንም አልተስማማሁም። ይህ ሁሉ ሴት ልጅን ወደ ብቸኝነት መግፋት ነው። የቦሊክን መጽሐፍ አንብባ ቤቷን የምታፈርስ ትኖራለች።

መጽሐፍ_አይጥ

በመጽሐፍ የሚፈርስ ቤት ቀድሞም የቆመ አልነበረም።

የመንጢናው

ተረት አትንገረኝ። በቃ አልስማማም።

ሴተላጤዋ

አትስማማ፣ ችግር የለውም፤ ግን አንብበኝ። የማይስማማ አንባቢ ተመልሶ ይመጣል ይባላል።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋላቶማ። ይህን ወስኛለሁ። መጀመሪያ የአጋሮዋ እትዬ እንዳሉት መጋዘን እሄዳለሁ፤ ስለ ራሴ ኋላ እጽፋለሁ። የውርሱን ጉዳይ ከጠበቃው ጋር ሆኜ ለብቻው እሠራዋለሁ። ብርጭቆውን አጂፕ ራሷ ብትጽፈው ይሻላል፣ እኔ እለጥፍላታለሁ። በድምፅም እሞክራለሁ፤ ድምፄ ግን ቀጭን ነው፣ ሳቅ የለም።

እናቴን ደግሞ ጎረቤቷ ከመንገሯ በፊት እኔው እነግራታለሁ። ምን እንደምትል አውቃለሁ። «ስምሽን ቀይሪ» ነው የምትለው።

ቡና_ነጋዴዋ_ከአጋሮ

መጋዘን ስትሄጂ ጠዋት እንዳትሄጂ፣ ተቆጣጣሪው ያባርርሻል። ከምሳ በኋላ፣ ቡና ሲፈላ ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትግቢ፤ ስኳር ያዢ። ደብተርሽን ቶሎ አታውጪ። መጀመሪያ አብረሽ ልቀሚ።

አከራይ_ነኝ

ሴተላጤዋ፣ ቤት እየፈለግሽ ከሆነ ኪቶ ፉርዲሳ በኩል አንድ ክፍል ባዶ ነው። የራሱ ማድቤት አለው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሮቶ ግን አለ።

ሴተላጤዋ

የራሱ ማድቤት! ኪራዩ ስንት ነው? በርስ?

አከራይ_ነኝ

ኪራዩን በውስጥ እነግርሻለሁ። በር ላንቺ 4 ሰዓት።

ሴተላጤዋ

ቁልፍ ካልሰጡኝ ይቅርብኝ።

አከራይ_ነኝ

ሚስቴን ላማክር።